ከጠርሙሱ የወጡት ክኒኖች

ሰፈሩ «ጠርጥር» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የሚጠብቀው ዕቃ ቢያጣ ቤተሰቡን ይጠብቅ ጀመር። ሳሙናው ቶሎ አለቀ ብሎ ይቆጣል፤ ስኳሩ ላይ ምልክት ያደርጋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ሲል ይውላል። የቤቱ ሰው ግን ስንጥሩ እሱ ራሱ ነው እያለ ይስቅበታል።

ሚስቱ የልብ ሕመምተኛ ናት። ደረቷን ጨምቆ ሲይዛት ከምላሷ ሥር የምታደርጋት ትንሽ ክኒን አለቻት፤ ወዲያው ትንፋሿን ትመልስላታለች። መድኃኒቱን ከፋርማሲ የምታመጣው አብራቸው የምትኖረው ምራቱ ነች። ታዲያ ጠርጥር ምን ሲደረግ ይመናት! በማሸጊያ የተማመነ መጋዘን ጠባቂ ጉድ ይሆናል ባይ ነውና፣ ጠርሙሱን ገልብጦ ክኒኖቹን አንድ በአንድ መረመረ። ከዚያ በላስቲክ ጠቀለላቸውና ደረት ኪሱ ከተታቸው። ጠርሙሱን ጣለው። ፀሐይ ሲሞቅ እንኳ ከኪሱ አያወጣቸውም፤ ሚስቱም በታመመች ቁጥር እሱን መለመን ግድ ሆነባት።

አንድ ጠዋት ሕመሙ ተነሣባት። አንድ ክኒን ሰጣት፤ ምንም። ሌላ ጨመረላት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ድሮ ምላሴን ቆንጠጥ ያደርገኝ ነበር፤ ይሄ እንደ ኖራ ነው» አለች እያቃሰተች።

ጠርጥር ምራቱ ላይ አፈጠጠ። «ለውጠሽዋል! ደህናውን ሸጠሽ ኖራ አመጣሽልን!»

ምራቱ እንባዋ ቀደማት። አማቷን ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባቻት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ እንደምንም ብሎ ሕመምተኛዋን አተረፋት። አብሯቸው የሄደው ጠርጥርም ቀን የወጣለት መስሎት ላስቲኩን ፈታ። «ይኸው ዶክተር፣ የውሸት መድኃኒት!»

ሐኪሙ ላስቲኩን አገላብጦ አየው። «ጠርሙሱስ የት አለ?»

«ጣልኩታ! እኔ ከኪሴ ለይቼው አላውቅም።»

«አባት፣ መድኃኒቱስ ደህና ነበር። ግን ሙቀትና አየር አይስማማውም፤ ላስቲክም ኃይሉን ይመጥጥበታል። የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ጥብቅ ተደርጎ የሚከደነው ለዚህ ነው። ኪስዎ ውስጥ ሲከርም ኃይሉ ተኖ አለቀ።»

ጠርጥር ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሚስቱን ሊገድላት ነበር፤ ለዚያውም በገዛ ጥበቃው። ሐኪሙ አዲስ ጠርሙስ ሲያመጣ ጠርጥር እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ።

«ለእሷ ይስጧት» አለች ሚስቱ፣ ምራቷን እያሳየች።

«ልጄ…» ብሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሥቶ ቀረብ ሲል፣ ምራቱ ጠርሙሱን ወደ ጀርባዋ ደበቀችው።