እህቴ ውሃ የምታጠጣቸው ብሎኬቶች

ታላቅ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ «ለምን?» ማለት የማይሰለቻት ሰው ናት። እኔ የሆነው ሆነ ብዬ የማልፈውን ነገር እሷ ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ሁለታችንም የምንሠራው መንገድ ላይ የሚነጠፍ የሲሚንቶ ብሎኬት በሚመረትበት ግቢ ነው። እኔ ተሸካሚ ነኝ። እሷም ወገቧ እስኪቆረጥ ስትሸከም ኖራ፣ በስንት ልመና አሸዋና ሲሚንቶ የሚያቦካው ማሽን ላይ ተመደበች። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሸክም እንዳትነካ ነግሯት ነበር።

ከአጥራችን ጀርባ የጨርቅ ፋብሪካው የድንጋይ ከሰል አመዱን ይደፋል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ያጠብነው ልብስ ላይ ያርፋል፤ ሁላችንም እንራገማለን። አንድ ቀን እህቴ ማሽኑ ሥር ፈሶ የደረቀ ሲሚንቶ በአካፋ ስትፍቅ፣ ነፋስ ያመጣው አመድ የተቀላቀለበት በኩል ከሌላው ይልቅ ጠንክሮ አልላቀቅ አላት።

«ነይ እስኪ ይህን እዪ» አለችኝ።

«እታለም፣ እኔ ባሌንም ዞር ብዬ ካየሁት ቆየሁ፤ ደግሞ የደረቀ ሲሚንቶ ልይ?»

ስቃ ተወችኝና አመዱን በወንፊት ነፍታ ወደ ግቢው ባለቤት ሄደች። የድሮ ግንበኛ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን።

«ጋሼ፣ ከሲሚንቶው ትንሽ ቀንሼ በዚህ ልተካው?»

«አመድ? ሰው መንገድ ሲያዘኝ ምድጃ ልሸጥለት?»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልሞክረው።»

«ሞክሪ። ከተበላሸ ግን ማሽኑን ለሌላ እሰጣለሁ፤ አንቺ ወደ ሸክምሽ።»

ወገቧን አስቤ በክንዷ ጎተትኳት። እሷ ግን እሺ ብላ ጨርሳለች።

እኛ ግቢ ብሎኬት የሚፈተነው በጆሮ ነው። ሳምንት ሲሞላው ጋሼ በመዶሻ ያንኳኩታል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ይሸጣል። አመድ የገባበት የእህቴ ብሎኬት ሲመታ እንደ እርጥብ ግንድ ድም አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አጥሩ ጥግ ጣሉት።»

በማግስቱ እህቴ ብሎኬት ተሸክማ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። ቤት ገብተን ጀርባዋን ሳሽላት እንኳ የምታወራው ስለ ብሎኬቱ ነበር።

«ምነው ድምፁ እንደዚያ ሆነ? ቸኩለንበት ይሆን?» አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት የተጣሉትን ብሎኬቶች በጆንያ እየሸፈነች ውሃ ታርከፈክፍባቸው ጀመር። ተሸካሚዎቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

«አንቺ፣ ችግኝ ነው እንዴ የምታጠጪው?»

«ሲያፈራ እኛንም እንዳትረሺ!»

«መብላቱን ከፈለጋችሁ ኑና አርሙ» ትላቸዋለች።

ወር ያህል አልፎ ዝናቡ ሲቃረብ ጋሼ በሩ ላይ ያለውን ጉድጓድ ለመሙላት፣ ዘበኛው እነዚያን ብሎኬቶች እንዲሰባብር አዘዙት። ዘበኛው መዶሻውን አንሥቶ መታ። መዶሻው ነጠረ። ደገመው፤ አሁንም ነጠረ።

«ኧረ ይሄ ምን ጉድ ነው!» ብሎ እጁን አራገፈ።

ጋሼ ድምፁን ሰምተው ወጡ። መዶሻውን ተቀብለው ራሳቸው አንኳኩት። ጥርት ብሎ ጮኸ። አጠገቡ ያለውንም መቱ፤ እሱም ጮኸ። ሁላችንም ሸክማችንን አውርደን ከበብናቸው።

«በሳምንቱ እኮ ይሄ ጭቃ ነበር» አሉ።

«ቀርፋፋ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም፣ ጋሼ። እኛ ነን ያልጠበቅነው።»

ጋሼ ብሎኬቱን አገላብጠው አዩት።

«በይ ነገ ወደ ማሽንሽ ተመለሺ። የአመዱን ከእንግዲህ በሳምንቱ አላንኳኳም፤ ወር ይቆይ።»

እኔ እሷን ተክቼ እግዜር ይስጥልን ልል አፌን ስከፍት፣ እህቴ መዶሻውን ከእጃቸው ወስዳለች።

«ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«አንዱን ልስበረው። ውስጡን አላየሁትም።»

«ኧረ ተይ፣ የሚሸጥ ዕቃ ነው!» ብለው ጮኹ ጋሼ።

በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ መታችው፤ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ከጎኑ ምቺው» አሉ፣ «በዚያ በኩል አይሰበርልሽም።»