ጋሽ ደምሌን ለማስለካት ከሽንፋ ሸሕዲ

ከሽንፋ ማለዳ የተነሣነው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ አማቴን ጋሽ ደምሌን ሸሕዲ ከተማ ወስጄ የፕሮስቴት ዕጢያቸውን በአልትራሳውንድ ላስለካ። ሽንት ካስቸገራቸው ከርሟል። የሽንፋው ጤና ባለሙያ "ዕጢው አድጎ ይሆናል፣ መጠኑ ይታይ" ቢላቸው፣ "ለክተው ሊያርዱኝ ነው" ብለው ፈሩ። ሰሊጡ ደግሞ ደርሷል። በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ በዚህ ሰሞን አልጋ ላይ መዋል ለሳቸው የዓመት ልፋትን መሬት ላይ መበተን ነው።

ለምን እኔ፣ መምህሩ አማቻቸው? ባለቤቴ "አባባ እንዲህ ያለውን ለሴት ልጅ አይናገሩም" አለች። ለአማች ይናገራሉ እንዴ! አማችና አማት ስለ ሽንት ሲያወሩ በየት አገር ታይቷል?

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ግማሹ ለአጨዳ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎች ናቸው፤ ማጭዳቸውን በጆንያ ጠቅልለዋል። ግራና ቀኙ ማሽላና ሰሊጥ ነው። ጥቂት እንደሄድን ጋሽ ደምሌ ጮኹ።

"ሹፌር፣ ጎማህ ተንፍሷል መሰለኝ!"

ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን ሲረግጥ እሳቸው ከቁጥቋጦ ጀርባ ደርሰው ተመለሱ። ጎማው ደኅና ነው። ትንሽ ቆይተው እንደገና "ኧረ ይኸ ጎማ!" አሉ።

"አባቴ፣ ከጎማዬ ጋር ምን አጣላዎት?" አለ ሹፌሩ። ሰው ሳቀ። እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ።

ሸሕዲ

አንድ ሳህን ፉል ለሁለት በላን። ውሃ ግን አልነኩም፤ ያን በሚያህል ሙቀት! ክሊኒክ ስንገባ ዶክተሯ ወጣት ናት። ጋሽ ደምሌ ሲያዩዋት ወደ በሩ ዞሩ።

"አባቴ፣ የማየው ሆድዎን ብቻ ነው" አለች። "ውሃ ጠጥተዋል? ፊኛው ካልሞላ ዕጢው አጥርቶ አይታየኝም።"

"ከትናንት ማታ ወዲህ አልጠጣሁም።"

"ለምን?"

ወደ እኔ አዩ። "መንገድ ላይ በመምህር ፊት እንዳላፍር ብዬ።"

አንጀቴን በሉት። በዚያ ቃጠሎ በጥም የተቀጡት እኔን አፍረው ኖሯል! ሁለት ጠርሙስ ውሃ ገዛሁና ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ አንዱን ለሳቸው ሰጥቼ ሌላውን ራሴ ከፈትሁ።

"አንተ ደግሞ ምን ሆንህ?"

"ብቻዎን እንዳይቸገሩ ነው።"

"የመምህር ነገር!" ብለው ሳቁ። እኩል ጠጣን።

ዶክተሯ ከእምብርታቸው በታች ቅባት ቀብታ መሣሪያውን አንሸራተተች። በማሽኑ መስኮት ላይ ካለው ግራጫ ጥላ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ጥልቀቱን ከዳር እስከ ዳር ለካች፤ ማሽኑም አባዝቶ መጠኑን አወጣ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሦስቱን መስመር ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ አባዝቻለሁ! ሰው ሳይቀደድ የሆዱ ነገር በዚያው ሒሳብ ሲለካ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ሽንታቸውን ሸንተው እንዲመለሱ አደረገችና በፊኛው ውስጥ የቀረውን ደግማ ለካች።

"በጤናው ትንሽ ሎሚ ያክል ነበር፤ የእርስዎ ብርቱካን አክሏል። ሽንት ይቀራል፣ ግን ብዙ አይደለም። ልኩ ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ ደምዎን ጎንደር ልከን ውጤቱን እናያለን። ለአሁኑ በመድኃኒት እንጀምር።"

"ሰሊጤስ?"

"ይጨዱ፤ ውሃ እየጠጡ። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።"

"እሰይ! እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ!"

መመለሻ

የገባንበት ያው የጠዋቱ ሚኒባስ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ጋሽ ደምሌ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እኔ ጎማውን ስጠብቅ፣

"ሹፌር፣ አቁምልኝ፤ ሽንቴ መጥቷል!" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ጎማውስ?"

"ጎማህ ጤነኛ ነው። የታመምሁ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ተለክቼ መጣሁ።"

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ፈለጉና "እኔም ልውረድ" አሉ። ሌላም ተከተሏቸው። ሦስቱ ሰሊጡ ዳር ቆመው ብዙ ቆዩ፤ ሹፌሩም አልቸኮለም። ሲመለሱ ባለ ከዘራው የጋሽ ደምሌን ክንድ ይዘው "የት ነው ያሉኝ ክሊኒኩ?" ይሉ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። በሽታውን ገልጦ ለሌላው መድኃኒት የሆነ ሰው ግን ያን ቀን አየሁ፤ ኮራሁባቸው።

ሽንፋ ስንደርስ ባለቤቴ ደጅ ላይ እኔን ነጥላ "ምን አለች?" አለችኝ። አፌን ስከፍት ጋሽ ደምሌ ቀደሙኝ።

"ተወው መምህር፣ ለልጄ ራሴ እነግራታለሁ" አሉና ወደሷ ዞሩ። "መጀመሪያ ውሃ ስጪኝ።"