ሮና እውነቱን ያናገረቻት ልጅ

ዳንዲ ከተማ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ማዘጋጃ ቤቱ በኮንትራት የሚያሠራኝ ሥራ አለ፤ ወላጆቻቸው ማሳደግ አቅቷቸው መንግሥት የተረከባቸውን ልጆች ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው ማመላለስ። ሮና ፔትሪንም ያወቅኋት በዚሁ ሥራ ነው። ትንሽ ልጅ ሆና፣ ልብሷን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ይዛ ከኋላ ትቀመጥና «ፈርገስ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ልጅ ነኝ?» ትለኛለች። ከዚህ ሁሉ ባለደመወዝ መሀል ለልጅቷ ሻንጣ የሚገዛላት አንድ ሰው ይጥፋ?

እንዴት ነሽ ላላት ሁሉ መልሷ ደህና ነኝ ነበር። እነዚህ ልጆች ቶሎ የሚማሩት ይህንን ነው። ከፋኝ ካሉ ስብሰባ ይጠራል፣ አሳዳጊ ይፈራል፣ ከዚያ ለእኔ ይደወላል።

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ አገኘች። በአሳዳጊ ቤት ያለፉ ወጣቶችን የአእምሮ ጤና የሚያጠና ቡድን፣ ጠያቂዋ ኑሮውን የምታውቅ ትሁን ብሎ ቀጠራት። የቡድኑ መሪ ዶክተር ሂላሪ ክፉ ሴት አይደለችም። ሮና ግን ሥራውን እንደ ሹመት ቆጠረችው። «ለእኔ አይዋሹም፣ ፈርገስ። እኔ እኮ ከነሱ ነኝ» ስትለኝ ፊቷ ይበራ ነበር።

ቫሪ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደረሰቻት። ቫሪ ከስንት መንከራተት በኋላ አሳዳጊዋ ወይዘሮ ጌዲስ ቤት ተደላድላለች፤ ቶፊ የሚሉት ውሻቸው እሷ እግር ሥር ካልሆነ አይተኛም። ከዚያ ቤት እንዳትወጣ ብቻ ነበር የምትፈልገው። ስትጠየቅ እንደ ልማዷ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ አለች። ሮና፣ እኔም እንዳንቺው እል ነበር፣ እኔን እንኳ አታታልይኝ ብላ ለመነቻት። ልጅቷ አለቀሰችና ሲብስባት ራሷን እንደምትጎዳ ነገረቻት።

ደንቡ ይታወቃል። ራሱን የሚጎዳ ልጅ ከተገኘ ለማኅበራዊ ሠራተኛው ይነገራል። ሮናም ገና ሲጀምሩ ነግራታለች፣ ቫሪም እሺ ብላለች፤ እነዚህ ልጆች ያልገባቸውንም እሺ ይላሉ። እናም ሮና አሳወቀች፣ ሐኪም ያገኙላታል ብላ።

ወይ ነዶ! ለሐኪሙ ወረፋው ከዓመት በላይ ነው ተባለ። ስብሰባው ግን በማግስቱ ተጠራ። ወይዘሮ ጌዲስ የልጅ ልጆቼ ቤቴ ይመላለሳሉ፣ ይህን ኃላፊነት አልችልም አሉ። ስልኬ ጮኸ።

ቫሪን የምወስዳት አገር አቋርጬ፣ ምዕራብ ባሕር ዳር ኦባን ነበር። ቶፊ ግቢ ውስጥ ታስሮ ያላዝናል። ሮና አዲስ ሻንጣ ገዝታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ቫሪ ሻንጣውን ዞር ብላም አላየችው፤ ጥቁር ፌስታሏን እንዳቀፈች ገባች። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ከናንተ ነኝ አላልሽኝም ነበር?» አለቻት። ሮና ባዶውን ሻንጣ ይዛ ቀረች። ልጅቷ እስከ ኦባን ድረስ አላለቀሰችም፤ ምነው ባለቀሰች።

ከወራት በኋላ ጥናቱ ልጆቹን ደግሞ የሚጠይቅበት ጊዜ ደረሰ። ሮና ለቫሪ ሌላ ሰው ይላክ ብላ ለመነች፤ የምታውቀው አንቺን ነው ተባለች። ሮናን ኦባን ድረስ እኔው ወሰድኳት። ሻይ እንኳ ጠጥቼ ሳልጨርስ ተመልሳ መጣች። ቫሪ ለሁሉም ጥያቄ ደህና ነኝ ብላለች፤ እንቅልፉም ደህና፣ ምግቡም ደህና፣ ራስን መጉዳቱም የቀረ ነገር ነው።

ዶክተር ሂላሪ መንገድ ላይ ሳለን ደወለች። ሮና ውጤቱን ነገረቻት። የሴትዮዋ ደስታ እኔ ድረስ ይሰማል፤ እንደ ቫሪ የተሻለው የለም፣ የቦታ ለውጡ ጠቅሟታል፣ ይህ በሪፖርቱ መግባት አለበት ትላለች። ሮና አይደለም፣ ዋሽታ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ማስረጃሽ ምንድን ነው ቢሏት ምን ትላለች? ስልኩን ዘጋችው።

በመስታወቱ አየኋት። ከኋላ ወንበር፣ እንደ ልጅነቷ፣ ጥግ ይዛ ተኮራምታለች።

«አንቺስ እንዴት ነሽ ልጄ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ ፈርገስ» አለችኝ።