ያልተፈተሸው ሪዝ

የሕፃናት ማቆያውን በር የምትጠብቀውን ሞግዚት ወላጆች ሁሉ «ጉምሩክ» ይሏታል። ከእናቷ በቀር በስሟ የሚጠራት የለም። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽርጧን አገልድማ ደጃፉ ላይ ትገተራለች፤ ያልተከፈተ ምሳ ዕቃ፣ ያልተገለበጠ ኪስ፣ ያልተሸተተ ብስኩት በእሷ በኩል አያልፍም። ኦቾሎኒ ሦስት ሰፈር ርቆ ሲቆላ እዚህ ያስነጥሳታል እየተባለ ይወራል፤ እኔ እንኳ ሁለት ሰፈር ነው የሰማሁት።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ለአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ ሚጢጢ ለምትባለው። የሚጢጢ አለርጂ አሳክኮ የሚተው ዓይነት አይደለም፤ የኦቾሎኒ ቅንጣት ብትቀምስ ጉሮሮዋ ይዘጋል። እናቷ ለዚያ ጊዜ ጭን ላይ የሚወጋውን መርፌ ለጉምሩክ በእጇ አስረከበቻት።

«ልጄን ብቻ አይደለም የምሰጥሽ፣ እህቴ፤ ነፍሴን ነው» አለቻት።

ጉምሩክ ነፍስ ተረክባ የምትተኛ ሰው አይደለችም። አብሮ በተሰጣት መርፌ አልባ መለማመጃ ባሏ ላይ ስለምትለማመድ ሰውየው ሶፋ ላይ ጋደም ሲል ጭኑ ላይ ትራስ ማሰር ጀምሯል።

ታዲያ ይህ ሁሉ አጥር አንድ ቀዳዳ ነበረው፦ ጉምሩክ ሽማግሌ አትፈትሽም። የጤና ተቆጣጣሪውን ቦርሳ አስገልብጣለች፤ የገዛ አለቃዋን ሁለቴ ከበር መልሳለች። «አባባ፣ እስቲ ኪስዎን» ማለት ግን እንዴት ተደርጎ? ያሳደጋት ሰው ምን ይላል?

በዚህ ቀዳዳ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ያልፋሉ። የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ ከሰዓት ይመጣሉ። አፋቸው ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ተራርቀው የማይተዋወቁ ስለሆኑ ኦቾሎኒውን ወቅጠው ነው የሚቅሙት፤ ሪዛቸው ደግሞ መጥረጊያ ያክላልና የዱቄቱ ግማሽ እዚያው ይቀራል። በዚያ ላይ ሳይስሙ የሚያልፉት ልጅ የለም። የቆመውን፣ የተኛውን፣ ፖፖ ላይ የተቀመጠውን ሳይቀር ይስማሉ።

«አለርጂ የምትሉት ነገር በእኛ ጊዜ የት ነበር?» ይላሉ። «እኛ አፈር ልሰን ነው ያደግነው።»

«ያላደጉትን ማን ጠየቃቸው፣ አባባ» ትላለች ጉምሩክ፤ ግን ስቃ ታሳልፋቸዋለች።

አንድ ቀን ሚጢጢን አገላብጠው ሳሟት፤ አንዱ መሳም አፏ ላይ አረፈ። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፤ አንገቷ በሽፍታ ተወረረ፤ ድምፅዋ ጎርንኖ ደረቅ ሳል ያዛት። ጉምሩክ አልጮኸችም። ልጅቷን ደግፋ አስቀምጣ መርፌውን ከነሱሪዋ ጭኗ ላይ ተከለችው።

«አምቡላንስ ጥሪ» አለቻት ባልደረባዋን፤ «ከዚያ እናቷን።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ምን በልተው ነው የመጡት?»

«ምንም፣ ልጄ። ትንሽ ኦቾሎኒ ናት፤ እሷም የተወቀጠች።»

«ሪዝዎ ላይ ኩንታል ሙሉ አለ።»

አዛውንቱ ሪዛቸውን ዳበሱ፤ ጣታቸውን አዩ። ባገኙት የሕፃን ወንበር ላይ ተቀመጡ። አምቡላንሱ ልጅቷን ይዞ ሲሄድም አልተነሡም። ግማሹ ሐዘን ነው፤ ግማሹ ወንበሩ ራሱ አልለቅ ብሏቸው ነው።

ሐኪሙ መርፌው በጊዜ ደርሷል አለ፤ ለክትትል ግን አቆያት። ሚጢጢ ድና ስትመለስ በሩ ላይ ውኃና ሳሙና ቆሞ ነበር፤ ሽማግሌ፣ ሹም፣ ሙሽራ ሳይባል ሁሉም አፉንና እጁን ይታጠባል፤ ልጅ መሳም ቀርቷል።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ፊታቸው እንደ እንቁላል የተላጨ ሰው መጡ። የልጅ ልጃቸው አያቸውና ከጉምሩክ ሽርጥ ሥር ተወሸቀ።

«አላውቀውም» አለ።

«መታወቂያ» አለች ጉምሩክ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«‹እኔ ነኝ› የማይል ሌባ አለ?»

መታወቂያውን ሰጧት። ፎቶው ላይ ያለው ሪዝ ነው፤ ከኋላው ትንሽ ሰው ይታያል። ጉምሩክ ፎቶውን እያየች ስታመነታ ሚጢጢ ከውስጥ ወጣች። ቀና ብላ አየቻቸውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አባባ ኦቾሎኒ ነው» አለች። «ታጥበሃል?»

ሽማግሌው ታጠቡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ኪሳቸውን ገለበጡ፤ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና አፋቸውን እስከ ጉሮሯቸው ከፈቱላት። ሚጢጢ ከሩቁ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ባዶ ነው» አለች።

ጉምሩክ ከበሩ ላይ ዞር አለችላቸው።