የበኵራቱ እሑድ

አባቴ ከየትኛውም ነገር ስብከት ማውጣት የሚችል ሰው ነበር። ቄስ አልነበረም። በልጅነቱ ደጋ ላይ ሳለ ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ መሬት ሲጠበው ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ሽንፋ አካባቢ ጫካ መንጥሮ ሰሊጥና ማሽላ የዘራ ገበሬ ነው። ምስጥ የጎጇችንን ምሰሶ ውስጥ ውስጡን በልቶ ሲጨርሰው፣ «አያችሁ፣ ኃጢአትም እንዲህ ነው፤ ከውጭ ምንም አይታይበትም» ይለናል። እናቴ ደግሞ ከወጥ ማማሰያዋ ቀና ሳትል፣ «ምስጡን ሰብከው ሲጨርሱ ምሰሶውን ይቀይሩልን» ትለዋለች። አህያችን የሞላ ወንዝ አልሻገርም ብላ ስትገግም እንኳ አባቴ አይመታትም። እሷ የፈራችውን እኛ ለምን እንደማንፈራ ያስረዳናል፤ እኛ በዝናብ እየበሰበስን እናዳምጣለን።

ከማሳችን በላይ ባለው ድንጋያማ ኮረብታ የዕጣን ዛፎች ነበሩ። አንድ ጊዜ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ይዞን ወጣና ልጡ የተፋቀበትን ቦታ አሳየን። ከቁስሉ ላይ ነጭ ጠብታ ረግቶ ነበር። «እግዜር ደስ የሚሰኝበት ሽታ ከቁስል ነው የሚወጣ» አለን። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ሙቀቱ አናቴን እየበሳው ስለነበር ቶሎ እንድንወርድ ብቻ ነው የፈለግሁት። ወንድሜ ግን ጠብታውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ዛፉን ያመዋል?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ሳቀና ራሱን ዳበሰው። ወንድሜ እንዲህ ነበር፤ የአባቴን ነገር ሁሉ ከልቡ ያዳምጥ ነበር።

የደርግ ዘመን ወደ ማለቁ ሲቃረብ ወጣት ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ እንቅልፍ አጣ። ለጦሩ ልጆች ይታፈሱ ነበር፤ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከቤት። ወንድሜ ከክረምቱ ጀምሮ ቤት አያድርም፤ ማሽላው ውስጥ ነው የሚያድረው። እናቴ ምግቡን በአገልግል ደብቃ ታደርስለታለች። ወንድሟ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ይኖር ስለነበር፣ ሐሳቧ ሁሉ ልጁን እሱ ዘንድ ማድረስ ሆነ። በመጨረሻም መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ የግመል ነጋዴ አገኘች። ሰውየው ቅዳሜ ሊሻገር ነው፤ ልጁንም ይዤው እሄዳለሁ ብሏታል።

ጊዜው ሰሊጥ የሚራገፍበት ነበር። ሰሊጥ አረንጓዴነቱ ሳይለቅ ይታጨድና ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሂላ እንለዋለን። ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፣ ያኔ ሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል። በእኛ ቤት ከመጀመሪያው ሂላ የወጣው ሰሊጥ አይቀመስም፣ አይሸጥም፣ ቤትም አይገባም። በኵራት ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ተሸክሞ የሚያደርሰውም የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው። አባቴ ደጋ ላይ ለአባቱ እንዲህ አድርጓል።

«ልጁ ቅዳሜ ይሂድ» አለችው እናቴ። «በኵራቱን እኔ እሸከመዋለሁ።»

«በኵራቱን ሳያደርስ ከቤቴ የወጣ ልጅ በማን ጥበቃ ነው አገር የሚያቋርጥ? እሑድ ያድርስ፣ ይባረክ፣ ሰኞ ይሄዳል።»

«ይስሙኝ እንጅ! የእግዜር ቤት ሰኞም አለ። ነጋዴው ግን ሰኞ የለም።»

አባቴ ሌላ ነጋዴ አይጠፋም አለ። ሰሊጥ አንድ ቀን ከዘገዩበት ፍሬው መሬት ላይ እንደሚፈስ በዚያ አካባቢ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሠራተኞቹን ገና ጎሕ ሳይቀድ እየቀሰቀሰ የሚያጣድፍ ሰው፣ ለልጁ ሲሆን ጊዜ ያለው መሰለው። ወንድሜም አላገዛትም። «እማዬ፣ አንድ ቀን ናት» አላት። «አባባ ቅር ብሏቸው አልሄድም።»

እሑድ ጠዋት ወንዝ ወርዶ ታጠበ፤ እናቴ ያጠበችለትን ነጭ ልብስ ለበሰና ጆንያውን ትከሻው ላይ አደረገ። እኛ ከኋላው ተከተልን። በየማሳው ሲያድሩ የከረሙት የአካባቢው ልጆችም ተላጭተው፣ ጸድተው፣ የየቤታቸውን በኵራት ተሸክመው መጡ። ለሁላችንም የአዲሱ ሰሊጥ እሑድ ያው አንድ እሑድ ነው። ስንት ጊዜ ያላየናቸውን ልጆች አንድ ላይ ሳያቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስታዬ አሁን ድረስ ያናድደኛል።

ወታደሮቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቁ። ያንን ያህል አክብረውታል። ማንም አልጠቆመም፤ ጠቋሚም አላስፈለጋቸውም። ይዟቸው የመጣው የቀበሌ ሰው በልጅነቱ በዚያው በር በኵራት ተሸክሞ የገባ ነው፤ ልጆቹ በየትኛው እሑድ ከየተደበቁበት እንደሚወጡ ያውቃል። ቅዳሴው አልቆ ልጆቹ ጆንያቸውን ለቄሱ ሊያስረክቡ በደጀ ሰላሙ ሲሰለፉ በሩን ያዙት።

አባቴ ወደ ቀበሌው ሰው ሮጠ። ልጁን እንዲለቁት ይለምንለታል ብዬ ነበር። «እባክህ» አለው፣ «በኵራቱን እንኳ ያስረክብ።» ሰውየው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሜ ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ ለቄሱ ሰጠ፤ መስቀሉን ተሳለመ። ከዚያ ሄዶ መኪናው ላይ ወጣ። ዞሮ ያየው አባቴን ነው፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለን ነበር። እናቴ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መሬት ላይ ተዘርግታ፣ «እኔ የሰጠሁት ሰሊጡን ነው! ሰሊጡን ብቻ ነው!» እያለች ጮኸች። ሴቶቹ ያልሆነ ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ብለው አፏን ያዙባት።

ከዚያ በኋላ አባቴ መስበክ ተወ። ምስጡ ምሰሶውን ሲበላ ምሰሶውን ቀየረ፤ ወንዙ ሲሞላ እስኪጎድል ጠበቀ። አንድ ቀን በዚያ ኮረብታ አብረን ስንወጣ፣ አብዝተው የፋቁት አንድ የዕጣን ዛፍ ደርቆ ቆሞ አየሁ። ሆን ብዬ ላሳምመው ፈለግሁ። «አባባ፣ ይችስ ምን ታስተምራለች?» አልሁት። ዛፏን አያትና፣ «አላውቅም ልጀ» አለ። በዚህ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም።

በኵራት መስጠቱን ግን አላቆመም። በየዓመቱ ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። እናቴ በዚያ ቀን ቤቱን ዘግታ ትተኛለች። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለዎት ብዬ ተቆጣሁት። «ብተወውማ» አለኝ፣ «ያን ቀን ልጀን ያስቀረሁት በከንቱ ነው ማለት ነው።» እኔ ወጥቼ ሄድሁ።

ከወንድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ደኅና ነው የሚል ነገር በሰው አፍ መጣ። ከዚያ ምንም አልሰማንም። ጎንደር ከደርግ እጅ ስትወጣ የተበተነው ጦር በእኛ በኩል ወደ ሱዳን ጎረፈ። የመጋቢት ሙቀት ነው፤ ጫማቸው አልቋል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የመንደሩ ሰው ፈርቶ በሩን ዘጋ። አባቴ በደረቀው ወንዝ ውስጥ አሸዋ ቆፍሮ ውሃ በእንስራ ቀዳና መንገዱ ዳር ተቀመጠ።

«ልጀን የወሰዱትን ነው የሚያጠጡ?» አለችው እናቴ።

«እነሱንም የሆነ ሰው ነው የወሰዳቸው» አላት።

ተሳድባ ገባች። ትንሽ ቆይታ ግን ቅል ይዛ ወጣችና አጠገቡ ቆመች፤ እሱ ይቀዳል፣ እሷ የእያንዳንዱን ፊት ታያለች። ወንድሜ ከእነሱ መካከል አልነበረም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ገና ጢም ያላበቀለ አንድ ወታደር ጠጥቶ ቅሉን ሲመልስ አባቴን ትክ ብሎ አየው።

«አባቴ፣ ልጅ አለዎት?»

አባቴ ቅሉን ተቀብሎ እንደገና ሞልቶ ሰጠው። «ለእሱም ውሃ የሚሰጠው ሰው ካገኘ፣ አለኝ» አለው።

ልጁ ቅሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እናቴ ክንዱን ያዘችውና፣ «ጠጣ ልጀ» አለችው፣ «ጠጣ።»