የምንጩ ውሃና የዶክተሩ ምናልባት

ወደ ጀርመን ልሄድ ከላሊበላ የወጣሁ ጠዋት አባቴ ከሰፈራችን ምንጭ በጠርሙስ ውሃ ቀድተው፣ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ራሳቸው ቀምሰው ሰጡኝ። «እዚያ እንዲህ ያለ ውሃ አታገኝም» አሉኝ። አውሮፕላን መሳፈሪያው ላይ ፈታሹ ጠርሙሴን አነሳው።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ነዋ!»

«ውሃ አያልፍም» ብሎ ቅርጫት ውስጥ ወረወረብኝ። አባቴ ደውለው «ጠጣኸው?» ሲሉኝ ጥንፍፍ አድርጌ ጨረስኩት ብዬ ዋሸሁ።

ጀርመን የቧንቧው ውሃ ጣዕም የሚባል የለው! አገሬ ኬሚስትሪ አስተምር ስለነበር አንድ የውሃ ምርምር ተቋም ቀጠረኝ። ሥራዬ ተመራማሪዎች የጻፉትን ተራ ሰው እንዲገባው አድርጎ ማቃናት ነው። ኧረ መከራ ነው፣ ወገኖቼ! እነዚህ ሰዎች «ዝናብ ጣለ» ለማለት ሦስት ገጽ ይፈጃሉ። አፋቸው ላይ ያለው «ፊላይሽት» ብቻ ነው፤ ምናልባት ማለታቸው ነው።

አምና ዶክተር ክላውስ የላስታን ምንጮች አጥንቶ ተመለሰ። አንደኛው የእኛው ምንጭ! እኔን ያስጣሉኝ ውሃ፣ ለእሱ ሲሆን ማኅተም ተመትቶለት በሣጥን ተሳፍሯል። ለአገሬው ሰው ብሎ አራት ገጽ ጻፈ። ወደ አማርኛ መልሼ ለአባቴ በስልክ አነበብኩላቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ ለሰንበቴው ማኅበርተኛ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

«በጎ ነው፣ ልጄ» አሉ ታግሠው ሰምተው። «ታዲያ እንጠጣው ወይስ አንጠጣው?»

እሱን የትም አላለውም! ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ።

«ዶክተር፣ ይጠጣ ወይስ አይጠጣ?»

«እንዲያ ቀላል አይደለም። ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ፣ ፊላይሽት፣ አጥንት ላይ...»

«ኧረ በማርያም! አጥንቱ እኮ የአባቴ ነው!»

«ሳይንስ ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

«እኛ አገር ጠላ የሚቀዳ እንኳ ቀድሞ ቀምሶ ነው የሚሰጥ። እርስዎ ይህን ውሃ ለልጅዎ ይሰጣሉ?»

ፊቱ ቀላ። «አልሰጥም» አለ።

«እሷን ይጻፏት!»

ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «ውሃውን ያጠናሁት እኔ ለልጄ አልሰጠውም» የሚለው መጀመሪያ ላይ ገባ፤ ምናልባቶቹን ከሥር ደረደርናቸው።

አዲሱን ጽሑፍ ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ ለማኅበርተኛው የተናገሩበት እሑድ ማታ ደወልኩ። አንድም ሰው አልተከራከረም፤ ሩቅ ቢሆንም ከማዶው ምንጭ ሊቀዱ ተስማምተዋል። አባቴን ግን ከፍቷቸዋል።

«ስትሄድ በእጄ ቀድቼ መርዝ አሸከምኩህ ማለት ነው?»

ያንኑ ምንጭ ጠጥቼ ማደጌን እንኳ ረስተውታል። 

«አልጠጣሁትም፣ አባየ። ዋሽቼዎት ነው። ፈታሹ ነጥቆ ጣለብኝ።»

«እሰይ! እግዜር ይስጠው ያን ሰው!» ብለው ሳቁ።

አብሬያቸው ሳቅሁ። ፈታሹን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ ውሃ ሲጠማኝ አሁንም የሚታየኝ ያ ጠርሙስ ነው።