አናቱ የተቆረጠው ፋይል

መርካቶ ውስጥ ሳልባጅ ልብስ ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ግማሹን እያንቀላፋሁ ነው። ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ስነሳ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔው ስላሳደግኳት ልጄ ነው የምላት። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለች፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሠላሳ ቀን የአንድ ወንዝ ጥልቀት ስትለካ ከረመች። የለካችውን ወረቀት ላይ እንደ መጻፍ፣ ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ውስጥ አስገባችው። «ወረቀት ይጠፋል» አለችኝ። ከዚያ የካልኩሌተሩ ባትሪ አለቀና የያዘውን ሁሉ ረሳ። እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አልረሳም።

ደግነቱ ፍላሽ ዲስክ ላይ አንዲት ፋይል አድርጋ ገልብጣው ነበር። ሰኞ ጽሑፉን ካላስገባች ዓመቱን መድገሟ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ሰፈር አጠገብ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት አብረን ሄድን። እኔ ለአጃቢነት ነው የሄድኩት፤ እግረ መንገዴን አትክልት ተራ ገብቼ ቃሪያ ገዛሁ፣ እሷ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ስታይ።

የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ጎበዝ ሰው ነው፤ ፍላሽ ከያዘ ግን ቫይረስ ሳያገኝ አይመልስም። ልጄ ለካልኩሌተሩ አዲስ ባትሪ አስገብታ ኬብሉን ስትፈታ እሱ ፋይሏን እንደ ደብዳቤ ከፈተው። አናቱ ላይ ሁለት ኮከብና ጥቂት የፈረንጅ ፊደል አለ፤ የቀረው ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

«ቫይረስ ነው፤ አናቱን አጸዳሁልሽ» አለ፣ መልካም የሠራ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብሎ። ሴቭም አድርጎታል።

ልጄ ፋይሉን ወደ ካልኩሌተሩ ላከችው። አልቀበልም አለ። ደግማ ላከች። አሁንም እንቢ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ተይው እማዬ፣ አይገባሽም። አናቱ ላይ ምን እንደያዘ፣ ስንት እንደያዘ ተጽፎ ነበር። መጨረሻው ላይ የሁሉም ድምር አለ። ካልኩሌተሩ ያን አይቶ ነው የሚቀበለው። ሰውየው አናቱን ቆረጠው!»

አይገባሽም የምትለው እኔን ነው! ቦንዳ ማለት እኮ ነው። ሳልባጅ በቦንዳ ታስሮ ሲመጣ ላዩ ላይ ምልክት አለው፦ የሕፃን ሹራብ ነው፣ ይህን ያህል ፍሬ ነው፣ ይህን ያህል ኪሎ ነው። ገዢ እስሩን ሳይፈታ ምልክቱን ያያል፣ ሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ልክ ካልመጣ ይመልሳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለት ሹራብ መዝዤ መልሼ ሰፍቼዋለሁ፤ ገዢው ከሚዛኑ ሳያወርደው አወቀብኝ። የልጅነት ነገር ነው፣ አርባ ዓመቴ ነበር።

«አንተ፣ የሰው ቦንዳ ምልክት ቆርጠህ ትጥላለህ?» አልኩት።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ! የሚነበብ ነገር እኮ የለውም።»

«ለአንተ መች ተጻፈና?»

ደንበኞቹ ሳቁበት። ከአናቱ በቀር ምንም እንዳልነካ በልጆቹ ማለ።

«እንግዲያው ከሌላ ቦንዳ ምልክት ውሰጂና ስፊበት» አልኳት።

ልጄ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ፍሬው ከእኛው እኩል እንዲሆን ካልኩሌተሩ ውስጥ ሠላሳ ዜሮ አስገባች፣ ወደ ኮምፒውተሩ ላከችው፣ የዚያን አናት ወስዳ ለእኛው ገጠመችለት።

ካልኩሌተሩ ተቀበለ።

እሷ ግን ከእንግዲህ ማሽን አላምንም ብላ ደብተር አወጣች። እኔ ከካልኩሌተሩ መስታወት ቁጥሩን ሳነብ እሷ ትጽፋለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ምነው?»

«የዚያን ቀን ዝናብ ነበር። አልሄድኩም። ከራሴ ነው የሞላሁት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ያ ሁሉን የሚፈትሽ ካልኩሌተር፣ አናት አይቶ፣ ድምር አመሳክሮ፣ ይህችን አሳልፏታል። የእኛም ሚዛን እንዲሁ ነው፤ የተቀደደ ሹራብ ከደህናው እኩል ይመዝናል።

ወደሚቀጥለው ቁጥር አላለፍኩም። ቆይታ ቆይታ ቦታውን ባዶ ተወችው፤ ቀጣዩን አነበብኩላት፣ ቀጠልን።

ሰኞ ጽሑፏን አስገባች። መምህራኑ ፊት ቀርባ ስለ ጽሑፏ የተጠየቀች ዕለት ማታ ምን እንዳሏት ጠየቅኋት።

«ስለ ሃያ ዘጠኙ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም የጠየቁኝ ስለ ባዶው ነው።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ዘንቦ ነበር፣ አልሄድኩም አልኳቸው።»

አሳለፏት።